«እንገናኝ» ተባብሎ መቅረት፦ የጓደኛሞች ቀጠሮና ቴሌግራም

[ምስል፦ ጭጋግ የለበሰች ደሴ። ስልክ ላይ የግሩፕ መልእክቶች ይወርዳሉ።]

ተራኪ፦ ሞባይል ሳይመጣ በፊት ቀጠሮ አንዴ ከተያዘ ተያዘ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ይነገራል፣ ቦታው ይታወቃል፤ መቅረትን የሚያሳውቁበት መንገድ ብዙም ስላልነበረ ሰው ይመጣል። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ደቂቃ መለወጥ ስለሚቻል ማንም ቀድሞ አይቆርጥም። «ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንውረድ» የሚል መልእክት ሰባት ላይክ ያገኛል፤ ላይክ ግን «ሐሳቡን ወድጄዋለሁ» ነው እንጂ «እመጣለሁ» አይደለም።

[ምስል፦ ከመልእክት ጎን ሁለት የራይት ምልክት፣ በቅርብ።]

ይህችን ምልክት ልብ በሉ። በግል ቻት ሁለት ራይት ማለት ያ ሰው አንብቧል ነው። በግሩፕ ግን ከአባላቱ አንድ ሰው ብቻ ቢያነበውም ሁለት ይሆናል። «ሁሉም አይቶታል» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እስከ 100 አባል ባለው ግሩፕ የራሳችሁን መልእክት ነክታችሁ እነማን እንዳዩት ማየት ትችላላችሁ፤ ዝርዝሩ የሚቆየው 7 ቀን ነው።

[ምስል፦ ፖል ሲዘጋጅ።]

ማን እንደሚመጣ ለማወቅ ፖል፣ ማለትም የድምፅ መስጫ፣ አውጡ። አኖኒመስ ቮቲንግ የሚለውን ግን አጥፉት። ካልነካችሁት በርቶ ነው የሚወጣው፤ አምስት ሰው «እመጣለሁ» ማለቱን እንጂ አምስቱ እነማን እንደሆኑ አታውቁም። ምርጫዎቹ ሁለት ይበቃሉ፦ እመጣለሁ፣ አልመጣም። «ካመቸኝ» የሚል ሦስተኛ ከጨመራችሁ ብዙው ሰው እዚያ ይሰበሰባል።

«ኢንሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ካለ» ብሎ የመለሰውን እንደ እሺታም እንደ እምቢታም አትቁጠሩት። የእምነት ቃል ነው። «ወንበር ልያዝልህ?» ብላችሁ በግል ጠይቁት፤ ቁርጡን ይነግራችኋል።

ቦታው ላይ እንቆይ። የወሎ ጓደኛሞች ግሩፕ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ፣ ሥጋውም የየራስ ነው። ሥጋ ቤት የመረጠ ሰው ሳያስበው ግማሹን አስቀረ ማለት ነው፤ የቀረውም ግሩፕ ላይ ምክንያቱን አይጽፍም፣ ዝም ይላል። በፍስክ ቀን ዓሣ ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል፤ የሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

[ምስል፦ የስልክ ካላንደር፣ 2:00።]

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ስልኩ 2:00 ሲል ከሰዓት በኋላ ከሆነ የእኛ 8 ሰዓት ነው። «በ2 እንገናኝ» የሚለውን አንዱ በጠዋት፣ አንዱ በማታ፣ ስልኩን ያየው ደግሞ ከቀትር በኋላ አድርጎ ይረዳዋል። ስለዚህ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

ፖሉ ሲያልቅ አንድ ሰው ይህን የመሰለ መልእክት ጽፎ ፒን ያድርገው፣ ማለትም ግሩፑ አናት ላይ ይስቀለው፦

«ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ። ከደሴ የሚመጣ ከ7 ሰዓት በፊት ሚኒባስ ውስጥ ይግባ። እስከ 8፡20 እንጠብቃለን።»

ለውጥ ካለ ያንኑ መልእክት ኤዲት አድርጉት፤ ኤዲት ሲደረግ ግን ስልክ ላይ ድምፅ ስለማያሰማ «ሰዓቱ ተቀይሯል» ብላችሁ ከሥር ጻፉ። አዲስ ጽፋችሁ አሮጌው ፒን ላይ ከቀረ ግማሹ ሰው በአሮጌው ሰዓት ይመጣል።

[ምስል፦ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ።]

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ «ወጥቻለሁ» የሚለው ቃል ከቤት መውጣትም፣ መኪና ውስጥ ሰው መጠበቅም፣ መንገድ ላይ መሆንም ይሆናል። ክረምት ላይ ጭጋጉ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ስትንቀሳቀሱ ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳየው ላይቭ ሎኬሽን ይጠቅማል፦ የአባሪ ምልክቷን ነክታችሁ ሎኬሽን፣ ከዚያ ላይቭ ሎኬሽን፣ ከዚያ «ለ1 ሰዓት»። 15 ደቂቃ ከመረጣችሁ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ይቋረጣል፤ «ለ8 ሰዓት» ከመረጣችሁ ደግሞ ማታ ቤታችሁ ድረስ ይከተላችኋል። እንደደረሳችሁ ራሳችሁ አጥፉት።