ጠባብ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ጥግ መሥራት፦ ቅዝቃዜው ከሥርና ከጀርባ ነው

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መስኮቱ ሥር ባዶ ቦታ።]

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግማሹን አልጋው ወስዶታል፤ በቀረው ላይ ቁም ሳጥኑና ምድጃው ይጋፋሉ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው አልጋ ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ያለ፣ አቃቂ በኩል ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዛሬ የምንሠራው ጥግ 120 በ60 ሳንቲ ብቻ ይይዛል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቡና ይጠጣበታል፣ አንድ ሰው ደግሞ እግሩን አጥፎ ያነብበታል።

ብዙ ሰው በትራስና በመጋረጃ ይጀምራል። ያምራል፤ ግን ጥቅምት ሲገባ ማንም አይቀመጥበትም። ቅዝቃዜው ከሥር ከሊሾው፣ ከጀርባ ከብሎኬቱ ይመጣልና ፊት ለፊት የተደረደረ ትራስ አያስቆመውም። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ለመቀመጫውና ለጀርባው ይውጣ። ጌጡ ይደርሳል።

[ምስል፦ ታኅሣሥ፣ እኩለ ቀን። ወለል ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን።]

የትኛው ጥግ? አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ የካቲት የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል መስኮት ካላችሁ ቦታው እሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የፀሐይዋ ብርሃን ከመስኮቱ ግድግዳ ከግማሽ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይጀምርና 1 ሜትር ከ30 ገደማ ላይ ያበቃል። መቀመጫው እዚያ ውስጥ ይግባ። የምዕራብ መስኮት የከሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ለማታ ሰው እንዲያውም ይሻላል። መስኮታችሁ ወደ ሰሜን ብቻ ከሆነ ፀሐይን እርሷትና ከውጭ ግድግዳ የራቀውን፣ ከጎረቤት ጋር የምትጋሩትን ግድግዳ ያዙ። ማዶው ሰው የሚኖርበት ግድግዳ ነፋስና ዝናብ እንደሚመታው አይቀዘቅዝም።

ቦታውን ሳትወስኑ እንጨት አትግዙ። ጋዜጣ በ120 በ60 ልክ ቀጣጥላችሁ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉና ሁለት ቀን ኑሩበት። በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል? የቁም ሳጥኑስ? ለመተላለፊያ 60 ሳንቲ ቀርቷል? በጨለማ ጋዜጣውን ከረገጣችሁት ሳጥኑንም ትመቱታላችሁ።

[ምስል፦ አንድ ሙሉ ፕላይውድ፣ የመቁረጫ መስመሮች ተሥለውበት።]

መቀመጫው ክዳን ያለው ሳጥን ነው፤ ብርድ ልብስና የክረምት ጫማ ይውጣል። የሚያስፈልገው ውፍረቱ 18 ሚሊ የሆነ አንድ ፕላይውድ ነው፤ ሙሉው 244 በ122 ሳንቲ ይመጣል። ቺፕውድ ይረክሳል፣ ግን ወለል በታጠበ ቁጥር ጠርዙ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ብሎኑም ይለቃል። ለወለል ሥራ አንመክረውም።

ሱቁ መቁረጫ ማሽን ካለው ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፦ 120 በ60 ሁለት፣ ለክዳንና ለታች። 120 በ20 ሁለት፣ ለፊትና ለኋላ። 56.4 በ20 ሦስት፣ ሁለቱ ለጎን፣ አንዱ ለመሃል። ከዚያ የሚተርፈው 20 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ሁለት መደርደሪያዎች ያወጣል። የጎኑ ልክ 60 ያልሆነው ፊትና ኋላው እያንዳንዳቸው 1.8 ሳንቲ ውፍረት ስላላቸው ነው። 60 ብላችሁ ካስቆረጣችሁ ሳጥኑ ከክዳኑ ሰፍቶ ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመሃሉን ክፍልፋይ የተወ ሰው ደግሞ ክዳኑ በጥቂት ወር ውስጥ ሲረግብበት ያየዋል።

ሳጥኑ ወለል አይነካም። ከሞራሌ 5 ሳንቲ ከፍታ ያላቸው ስድስት እግሮች ቁረጡ፤ አራቱ ለማዕዘን፣ ሁለቱ ለመሃል። ከሥራቸው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ምቱበት፤ የሊሾው እርጥበት ወደ እንጨቱ አይወጣም፣ ሳጥኑም አይንሸራተትም። በ4 ሳንቲ ብሎን አያይዙ፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን የድሪል ጫፍ ቀዳዳ ካልቀደመ ፕላይውዱ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ክዳኑ ላይ አሥር፣ ታችኛው ላይ ስድስት፣ ኋላው ላይ አራት ባለ 2 ሳንቲ ቀዳዳዎች ብሱ። የሰው ላብና የምግብ እንፋሎት ስፖንጁን አልፎ ይወርዳል፤ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ፍራሽ በቀጥታ ሊሾ ላይ ሲነጠፍ ከሥሩ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

[ምስል፦ ስፖንጅ ሚዛን ላይ።]

ስፖንጅ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በእጅ ተጭኖ መፈተን አይበቃም፤ አዲስ ሲሆን ሁሉም ይነጥራል። ሚዛን ግን አያታልልም። 120 በ60 በ10 ሳንቲ የሆነ ስፖንጅ ዴንሲቲው (አንድ ሜትር ኩቡ የሚመዝነው ኪሎ) 25 ከሆነ 1 ኪሎ ከ800 ግራም መመዘን አለበት። 1 ኪሎ ከ300 ከመዘነ 18 ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ ብዙም ሳይቆይ ቁጭ ስትሉ እንጨቱ ይሰማችኋል። ከፍታው ሁሉም ተደምሮ 38 ሳንቲ ገደማ ይሆናል፣ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ትንሽ ይወርዳል። ከሶፋ ዝቅ፣ ከበርጩማ ከፍ ያለ ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጣሪያውን ያርቀዋል፤ ለጠባብ ቤት ይህ ትርፍ ነው።

ልባሱን ዚፕ ያለው አድርጉት፣ መታጠብ አለበትና። ላዩ ላይ አጎዛ ቢጣል ከማንኛውም የሱቅ ትራስ ይሞቃል።

[ምስል፦ የውጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ።]

ወደ ጀርባው እንሂድ። ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካለ በቀለም አትሸፍኑት፤ በክረምት ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቀቡትና አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ እጠቡት። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከዚያ መደገፊያው። 5 ሳንቲ ስፖንጅ በቀጥታ ብሎኬት ላይ መለጠፍ ሻጋታን አልብሶ ማሳደር ነው። 3 ሳንቲ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቋሚ ጣውላዎች ግድግዳው ላይ ምቱ፤ መደገፊያው በነሱ ላይ ይሰቀል፣ ከላይና ከታች ክፍት ሆኖ አየር ይውጣ ይግባ። ስፖንጅ መግዛት የማይፈልግ ሰው በዚሁ ጣውላ ላይ ቡሉኮ አጥፎ ይስቀል። ሽሮ ሜዳ ላይ ይገኛል፤ ቤት ያለው አሮጌውም ያገለግላል።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉን በመዶሻ አሠራር ላይ አድርጋችሁ ከበሳችሁት ከውስጥ ይፈረካከስና ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይዋልላል። መዶሻውን አጥፉ፣ በቀስታ ብሱ፣ 8 ሚሊ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይም በታችም አትብሱ፣ ሽቦው በዚያ ያልፋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን በጣት እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደፍንበትን ቋሚ እንጨት ፈልጉና ምስማሩን እዚያ ምቱ። አከራይ ምስማር ከከለከለ የመደገፊያው ጣውላ ከሳጥኑ ኋላ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ግድግዳው አይነካም።

ብርሃን ላይ ብዙ አንቆይም። 5 ዋት ኤልኢዲ፣ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የተጻፈበት (ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላ)፣ ከወለል 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ፣ ከትከሻ ኋላ። ነጩ የጣሪያ አምፖል በርቶ ከዋለ ጥጉ ወረፋ መጠበቂያ ይመስላል። መብራት ለሚጠፋበት ማታ ቻርጅ የሚደረግ መብራት መደርደሪያው ላይ ይኑር።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ የከሰል ምድጃ ደጅ ላይ።]

ቡናው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰል ደጅ ተያይዞ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍም ሆኖ ሲገባ ብዙዎች አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፤ ቀዩ ፍም ያመነጨዋል። በ3 በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ተዘግቶ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ «ቡናው ጠንክሮብኝ ነው» አትበሉ፤ ሰውን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። ፍም ክፍሉ ውስጥ እያለ በርም መስኮትም ክፍት ይሁን፣ ከስፖንጁና ከመጋረጃው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፣ ሲመሽ ደግሞ ምድጃው ውጭ ይደር። ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ ጭሱ ከእሳቱ ይቀድማል። ከሁሉም የሚሻለው አፍልቶ ማምጣት ነው፤ ጥጉ ላይ ረከቦቱና ስኒው ብቻ ይቅረብ። በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታፈሉ፣ 1500 ዋቱ 7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ቀጭን ማራዘሚያ ይግልና ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ሰኩት።

ምንጣፉ ትንሽ ይሁን፣ ጠርዙ ከሳጥኑ እግር ሥር 10 ሳንቲ ይግባ፤ ያኔ አይንሸራተትም። ምድር ቤት ካላችሁ ከሥሩ የፕላስቲክ ምንጣፍ አታንጥፉ፣ ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማለዳ፣ ስፖንጁን አንሱና መዳፋችሁን ክዳኑ ላይ አሳርፉ። ከረጠበ አምስት ቀዳዳ ጨምሩ፣ ሳጥኑንም ከግድግዳው 5 ሳንቲ አርቁት። ሰኔ ሲገባ እንደገና ፈትሹት።