«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ቤተሰብ የምታስታምሙ ወገኖች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አንድ አዛውንት ግራ ተጋብተው ለሕክምና ሲመጡ ቶሎ የሚሰማው ቃል «እርጅና ነው» የሚል ነው። በዚህች ቃል የተነሳ መዳን የሚችል ሰው እናጣለን። ስለዚህ አስታማሚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበሩ?»

«ኧረ ደህና ነበሩ፣ ከትናንት ወዲያ ነው የጀመራቸው» ካሏችሁ ዴሊሪየምን፣ ማለትም ድንገት የሚመጣ የአእምሮ ግራ መጋባትን፣ ጠርጥሩ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል። ጠዋት በደንብ ያወሩ ሰው ማታ ልጃቸውን ላያውቁ ይችላሉ። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ለነገ አይባልም። «ቀስ በቀስ ነው፣ ሁለት ዓመት አልፎታል» ከተባለ ግን ወደ ዲሜንሺያ፣ ማለትም እየባሰ ወደሚሄድ የመርሳት ሕመም፣ ያመዝናል። ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ለዴሊሪየም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑንም አትርሱ። «ድሮም ይረሳሉ» ሲሏችሁ፣ «ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አያችሁ?» በሉ።

የሚጮኸውን፣ ጉሉኮሱን የሚነቅለውን ታማሚ ሁሉም ያየዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ዝም ያለው ነው። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፣ ምግቡን አይነካም፣ ተረኛው ሲቀየር «አላስቸገሩም» ተብሎ ይታለፋል። ዴሊሪየም በብዛት የሚያመልጠን እንዲህ ሲመጣ ነው።

ዋናው ምልክት ትኩረት ማጣት ነው። አጠገባቸው ቁጭ በሉና «የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» በሏቸው። «እሑድ፣ ቅዳሜ...» ይላሉ። ጣራውን ያያሉ። ከዚያ «ምን ነበር ያልሽኝ?» ይላሉ። ይህቺን ካርዱ ላይ ጻፏት፣ ትልቅ መረጃ ናት። 4ኤቲ የተባለው መመዘኛም ንቃትን፣ ትኩረትን፣ ቦታና ጊዜ ማወቅን፣ ድንገተኛ ለውጥን ይለካል። ነጥቡ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መንስኤውን ፈልጉ። የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር ወይም የሶዲየም መውረድ፣ የኦክስጅን ማነስ ሊሆን ይችላል። የተቋጠረ ሽንትና የሆድ ድርቀት እንኳ በቂ ናቸው። ፊኛቸውን ዳብሱ! የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ አስወጥታችሁ እዩ። ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም፣ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአለርጂ የሚሰጠው ዲፌንሀይድራሚን አዛውንትን በቀላሉ ያቃዣሉ። አልኮል አዘውትሮ ይጠጣ የነበረ ሰው ካቆመ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ከተንቀጠቀጠና ካላበው፣ የሌለ ነገርም ከታየው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

በ70 ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሌለ ነገር የሚያዩ ሰው፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ከመባላቸው በፊት አካላቸው ይመርመር።

አስታማሚዎች፣ መድኃኒቱ ግማሹ እናንተ ናችሁ። መነጽራቸውን አምጡላቸው። የመስሚያ መሣሪያቸውንም። ቀን መስኮቱ ይከፈት፣ ማታ መብራቱ ይቀነስ። ስማቸውን እየጠራችሁ አውሯቸው። አታስሯቸው፣ ማሰር ያባብሳል።

የማስታወስ ችሎታን ግን በዴሊሪየም መሃል አትመዝኑ፤ ውጤቱ ያሳስታል። ለማገገም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሲወጡ ቀጠሮ ስጧቸው፣ ያኔ ከረጋ በኋላ መዝኑ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን፣ የታይሮይድ ማነስንና ድባቴን ሳታዩም ዲሜንሺያ ብላችሁ አትጻፉ፤ እነዚህ ይታከማሉ።

አመሰግናለሁ።