200 ብሩ የማን ነው?

እሺ። ይቀዳል አይደል? ይቀዳል።

ዛሬ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ነበር የማወራው። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ሾርባው... ይቆየን። መጀመሪያ ከሆዴ ማውጣት ያለብኝ ነገር አለ።

ወንዶ ገነት ሄደን ነበር። ያው የተለመደው ቡድን፣ አቶ አሥር ደቂቃም አለ። ለምን እንዲህ እንደምንለው መቼም ለእናንተ አላስረዳም። ከፍል ውሃው በላይ ዳገቱን ስንጀምር «አሥር ደቂቃ ነው» አለ። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ያንን ነጭ ጭራቸውን ለቀው፣ ቁልቁል ያዩናል። ላብ በላብ ሆነን። እውነቴን ነው፣ አንዷ አዝናልኛለች።

ብቻ ከጫካው ወጥተን በሰው ጓሮ በኩል ወረድን። እንሰት፣ ቡና፣ ዝቅ ሲል ሸንኮራና ጫት። አንዲት እናት ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ይፍቃሉ። ይሄን ሥራ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁታል? ዘንበል ያለ ጣውላ አለ። የግንዱን ቅርፊት እሱ ላይ ያስደግፉና በአንድ እግራቸው ተጭነው ይይዙታል። ከዛ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ቃጫው ይቀራል፣ ለስላሳው ይወርዳል። የወረደው ደግሞ ተቀብሮ ይብላላል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት። ተክሉ ራሱ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ምግብ ቤት ገብተን «ቆጮው ዛሬ ትንሽ ደርቋል» እንላለን።

ቀና ብለው አዩን። «ዳኤ ቡሹ» አሉን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው በሲዳምኛ። ጭቃ የሆነ ጫማችንን ደጅ ትተን ገባን። ቡርሳሜ፣ ያ በቂቤ የራሰው የእንሰት ምግብ፣ በሻፌታ፣ በሸክላው ሳህን ቀረበ። ቂቤው! ከተማ ውስጥ ቂቤ እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ ነው የሚሰጠን፣ እዚህ ግን... ዝም ብዬ በላሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወተት አመጣችልን።

ልጅ ሆነን ፊቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሲመጣ ትዝ አለኝ። አሁን በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ትልቅ ነገር ሆኗል። ያኔ ለእኛ ሆድ ነበር። ቤት ለቤት እየዞርን «አይዴ ጫምባላላ» እንላለን፣ የገባንበት ሁሉ ያበላናል። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አናውቅም። አንዱን ቤት በተለያየ በር ደጋግመን የገባንበት ጊዜ አለ... እሱን ሌላ ቀን።

ልንወጣ ስንል አቶ አሥር ደቂቃ 200 ብር አውጥቶ ዘረጋ። እናትየው ሳቁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። በሲዳምኛ የሆነ ነገር አሉ፣ ከእኛ መሃል ቋንቋውን የሚችለው ልጅ «ደግሞ ኑ ነው የሚሉት» አለን። እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ብሩን ሻፌታው ሥር ሸጎጥ አደረገው። ክፋት የለውም፣ ታውቁታላችሁ። የሰው ውለታ ይዞ መውጣት ስለማይችል ነው።

ቁልቁለቱን ጀመርን። እኔ እንደ ልማዴ መጨረሻ ላይ ነኝ። ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ያቺ ወተት ያመጣችልን ልጅ ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጄን ያዘች። መዳፌን ገለበጠች። ብሩን አስቀመጠች። ከዛ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። አንድ በአንድ። ትንሿን ጣቴን ሳይቀር። ምንም አላለችም። አልሳቀችም፣ አላኮረፈችም። ዞራ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች።

ብሩን አይደለም፣ ጣቶቼን ማጠፏን ነው መርሳት ያቃተኝ። ሱቅ ስንላክ እናቶቻችን እንዲህ አያደርጉንም ነበር? «እንዳይጠፋብሽ» ብለው ጣታችንን አንድ በአንድ አጥፈው? እና ያቺን ልጅም ሲልኳት እንደዛ አጥፈውላት ይሆናል። እሷ ደግሞ ለእኔ። እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ! አፌን ከፍቼ፣ እጄን ጨብጬ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «አመሰግናለሁ» ልል አሰብኩ። ለምኑ?

ሚኒባስ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዷ «ተቀይመዋል» አለች። አንዱ «ወግ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም» አለ። ሌላው «200 ብር ስላነሳቸው ነው» ብሎ ቀለደ፣ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ከዛ ሐዋሳ መግቢያ፣ ጥቁር ውሃ ስንደርስ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መኪና ለማቆም ክፈሉ ስንባል፣ መንገድ ያሳየን ልጅ እጁን ሲዘረጋ፣ ቀኑን ሙሉ «ሁሉም ነገር ብር ሆነ» ስንል የዋልነው እኛው ነን። ብር የማይቀበል ሰው ሲገኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣን።

ወይም ደግሞ... ቤቱ ብር ያስፈልገው ይሆናል። ያ ሁሉ ቂቤ ለእኛ ሲወጣ ለገበያ የታሰበ ቢሆንስ? እኔ ምን አውቄ ነው ኩራት፣ ወግ የምለው? ሆዴ ሞልቶ ስለ ሰው ክብር መፈላሰፍ ይቀላል። አይ፣ ይሄንንም አላውቀውም።

ብሩ እኔ ጋ ነው። ለአቶ አሥር ደቂቃ ስመልስለት «ከእጄ ወጥቷል፣ ላንቺ ነው የመጣው» ይላል። የስልኬ ሽፋን ውስጥ አለ። ትናንት ባጃጅ ውስጥ ዝርዝር አጥቼ ልሰጠው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል።

አሁን ሐሳቡ ተመልሰን እንሂድ ነው። ባዶ እጅ አይገባምና ቡናና ስኳር ይዘን። ጓሮው ሙሉ ቡና ላለው ሰው ቡና? ስኳሩ ይሁን። ግን ስኳሩ ያው 200 ብሩ አይደለም እንዴ፣ ፌስታል ለብሶ? ለልጅቷ ደብተር አለች ያቺ «ተቀይመዋል» ያለችው። ደብተርም... እኔ እንጃ፣ ለልጅ ሲሆን ትንሽ ይለያል መሰለኝ። ወይስ ዝም ብለን ሄደን ደግመን እንብላ? ምክንያቱም «ደግሞ ኑ» ነው ያሉት፣ ሌላ ምንም አላሉም፣ እኛ ነን ይሄን ሁሉ...