ጠብታው የወደቀበት ቦታ አያታልላችሁ፦ ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ መኪና

[ጠዋት። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ከሥሩ የቀረች ጥቁር ነጠብጣብ ትታያለች።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይቺን ነጠብጣብ ያውቃታል። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ናት። ቆይታ የሲኒ ማስቀመጫ ታክላለች። ከዚያ ባለቤቱ ከመኪናው ሥር ካርቶን ማንጠፍ ይጀምራል፣ ነገሩም በዚያው ይለመዳል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዘይቱ መሬት ላይ ያረፈበት ቦታና ከሞተሩ የወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም። ይህን ባለማወቄ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ላስወርድ ምንም አልቀረኝም ነበር። እመጣበታለሁ።

[ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ሲገባ]

መጀመሪያ ግን የወረደው በእርግጥ የሞተር ዘይት ነው ወይ? ማታ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚጣፍጥ ነገር የሚሸት ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ እሱ መርዝ ነው፣ ልጅም ውሻም እንዳይደርስበት። ቀለም የሌለው ውኃ ከሆነ ደግሞ ኤሲው ነው፣ ተዉት። ካርቶኑን ስታነጥፉ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጠብታው በየትኛው ጎን እንደወረደ በኋላ ታውቃላችሁ።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ነው። በየደቂቃው አንድ ጠብታ ብቻ የሚጥል ሞተር በሰዓት 3 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 72፣ በወር ከ2 ሊትር በላይ ይጥላል ማለት ነው። ብዙ መኪኖች ላይ በዘይት መለኪያው ዘንግ ታችኛና ላይኛ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚለው» የምንላት ነገር በሁለት ሳምንት ከላይኛው ምልክት ታችኛው ላይ ታደርሰናለች። በተግባር ደግሞ ብዙው ዘይት የሚወጣው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ሙቅና ቀጭን ነው፣ ግፊትም አለበት። ካርቶኑ ላይ የምናየው የተረፈውን ነው።

[የዘይት መለኪያው ዘንግ ተጠርጎ፣ ገብቶ፣ ሲወጣ በቅርበት]

መለኪያውን በየሳምንቱ እዩ። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ። የዳሽቦርዱን ቀይ የዘይት መብራት ግን አትጠብቁ። ብዙ ሰው ያ መብራት «ዘይት ጎድሏል» የሚል ይመስለዋል። የሚለው «የዘይት ግፊት የለም» ነው። እሱ ሲበራ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር መፋጨት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ዳር ያዙና ወዲያው አጥፉት። «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ማለት የለም።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ።

[ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ከሥር ሲታይ]

ይሄውላችሁ፣ ጠብታዋ የምትንጠለጠለው እዚህ ነበር። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ፣ ከታችኛዋ ቡሎን ጫፍ። እዚህ ጋ ዘይት የታየ እንደሆነ መካኒክ ሁሉ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) የኋላ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ጎማ። ዕቃው ራሱ ቀለበት የምትመስል ጎማ ናት፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው። እሷን ለመቀየር ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት፣ ማንዋል ከሆነም ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) መፈታት አለበት። ብሩን የሚበላው የእጅ ሥራው ነው። የሄድኩበት ጋራዥ ከሥር በባትሪ አየና «በቃ፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ። ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። በጨርቅ ሞተሩን ከኋላ በኩል ከላይ ወደ ታች ጠረግኩት። ጨርቁ ከላይ ጀምሮ ጠቆረ። ታች ያለው ሲል ወደ ላይ ሊያፈስ አይችልማ! ዘይቱ የሚወጣው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በላይ ካለው ክዳን ነበር፣ ከኋለኛው ጥግ። በሞተሩ ጀርባ ቀስ እያለ ወርዶ፣ የካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ተጠራቅሞ፣ ከቡሎኗ ጫፍ ይንጠባጠባል።

[የወጣው አሮጌ ጋስኬት በእጅ ሲታጠፍ ይሰበራል]

ያ ክዳን ጋስኬት አለው፣ በመጋጠሚያው ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋ ጎማ። ጓርኒሲዮን የሚሉትም አሉ። አዲስ ሲሆን እንደ ጎማ ይለጠጣል። የእኔን ሳወጣው እንዲህ ነበር፤ ተመልከቱ፣ ላጥፈው ስል እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ! አለ። ዓመታት በሙቀት በስሎ ነው። እንዲህ የሆነ ጎማ ዘይት ሊይዝ አይችልም። አዲሱን ለማስገባት ከሰዓቱ ብቻ በቃኝ፣ ካምቢዮውም አልተነካ።

ስለዚህ ፍለጋ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የምትፈልጉት ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን ነው። አሮጌ ሞተር ላይ የዓመታት ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ስለሚጋገር ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስላል። መጀመሪያ አጽዱት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በቅባት ማስለቀቂያ፣ በብሩሽና በጨርቅ። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹንና ዲናሞውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ውኃ በኃይል አትርጩ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድታችሁ ተመለሱና በባትሪ እዩ። ካልታያችሁ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ቀለም አለ፤ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲያበሩበት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ የሚወጣበትንም ቦታ ያጋልጣል።

ከሥር መግባት ካለባችሁ ክሪክ ብቻ አትመኑ። መኪናውን በመደገፊያ እግር ላይ አሳርፉት። በዚህ ቀልድ የለም።

ከክዳኑ ሌላ የት ይታያል? ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ማፍሰስ ከጀመረ መጀመሪያ ፊልትሮውን (የዘይት ማጣሪያውን) ጠርጥሩ። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ዘይት አይይዝም። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ማፍሰሻ ቡሎን ቀለበት አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የዘይት ግፊት የምትለካው ትንሿ ሴንሰር አለች፤ ሶኬቷን ንቀሉና ውስጡ ዘይት ካለ ተገኘች፣ ቀላል ሥራ ነው። የኮፓ ጋስኬት እንደ መኪናው ነው፤ አንዳንዱ ላይ ቡሎን ፈትቶ ማውረድ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሞተሩ ከፍ ማለት አለበት። ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሱት የካንዴላዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁም ያው የላይኛው ክዳን ጣጣ ነው፤ ሞተሩ የሚንተባተበውም በእሱ ሊሆን ይችላል።

[የላስቲክ ጓንት በዘይት መሙያው አፍ ላይ ሲወጠር]

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። አንዱን ጋስኬት ትቀይራላችሁ፣ ከወር በኋላ በሌላ በኩል ያፈሳል። እሱን ትቀይራላችሁ፣ ሦስተኛው ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን የሞተሩን ትንፋሽ እዩ። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚገባ ጋዝ ሁልጊዜ አለ። ይህን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ፒሲቪ የሚባል ቫልቭ አለ። እሱ በዝቃጭ ሲደፈን ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ዘይቱን በደከመው ሲል በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። መሞከሪያው ይሄ ነው፦ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ቀጭን የላስቲክ ጓንት አፉ ላይ አልብሱት። ጓንቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ከተሳበ ደህና ነው። እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከቆመ ትንፋሹ ታፍኗል፣ ወይም የፒስተን ቀለበቶቹ ደክመዋል። ብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩ ርካሽ ነው፣ በእጅም ይወጣል። እኔ ብሆን ጋስኬት ከመግዛቴ በፊት እሱን አያለሁ።

ሲጠግኑ የሚበላሸውስ? አንደኛ፣ «እስቲ ጠበቅ ላድርገው» ማለት። የላይኛው ክዳን ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፣ የመኪናውን መመሪያ እዩ። ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ቆርቆሮው ክዳን ይጎብጣል፣ ጋስኬቱም ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሲሊኮን እንደ ቅቤ መቀባት። ወደ ውጭ የተረፈው ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም። ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ጠብታ ስንፈራ ሞተር አጣን ማለት ነው።

ዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩት «ማፍሰስ ያቆማል» የሚሏቸው ጠርሙሶችስ? የደረቀ ጎማ ሲልን ያለሰልሳሉ፣ ትንሽም ያሳብጣሉ፤ ለጊዜው ሊረዱ ይችላሉ። የተቀደደን ጋስኬት አይሰፉም። ቀጠን ካለው 5ደብልዩ-30 ዘይት ወፈር ወዳለው 10ደብልዩ-40 መሄድም መንጠባጠቡን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፣ ግን መመሪያው የሚፈቅደው ከሆነ ብቻ ነው።

ሁሉንም ማፍሰስ ዛሬውኑ መጠገን ግድ ነው? አይደለም። ኮፓው ዳር ላይ ላብ የሚመስል እርጥበት ካለና መለኪያው ካልወረደ በሰላም ኑሩበት። ጊዜ የማይሰጠው ዘይቱ የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ሲወርድ ነው። ስትቆሙ የሚቃጠል ዘይት ከሸተታችሁ ወይም ከኮፈኑ ቀጭን ጭስ ከወጣ እሱ ነው፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘይቱ ቺንጋ (ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ) ላይ ከደረሰም አትጠብቁ፤ ጎማውን ይበላዋል።

[ካርቶኑ እንደገና ሲነጠፍ]

ከጠገናችሁ በኋላ ካርቶኑን መልሱት። እኔ በመጀመሪያው ጠዋት ሦስት ጠብታ ሳገኝ ወሽመጤ ብጥስ አለ። ለካ በካምቢዮው መጋጠሚያ ውስጥ ተጠራቅሞ የቀረው አሮጌ ዘይት ነው። ጠረግኩት። በማግስቱ አንድ ጠብታ። በአራተኛው ቀን ካርቶኑ ደረቅ ነበር፤ ስልክ አነሣሁና የካምቢዮውን ቀጠሮ ሰረዝኩ።