ዶላሩ ከተገኘ በኋላ

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ። ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ከጀርባዬ ከተሰሙ እንግዲህ ቻሉኝ። መስኮት ዘግቼ ማውራት ደግሞ አልወድም።

ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው የማወራው። ውጭ አገር ካርድ ስንጠቀም በየክፍያው ላይ ስለምትቆረጠው ሽርፍራፊ። ዲያስፖራው የሚይዘው ክሬዲት ካርድም ይሁን እኛ ከባንክ የምንወስደው በዶላር የሚሞላው የቅድመ ክፍያ ካርድ፣ አቆራረጡ ያው ነው።

ነገሩን ያስነሱብኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። ዱባይ እየተመላለሱ አባያና የልጆች ልብስ የሚያመጡ ሴት ናቸው። ሰሞኑን የደረሰኝ ክምር ይዘው መጡና፣ "እስቲ አንተ ልጅ፣ ይቺን አስላልኝ። የዕቃውና የካርዱ ሒሳብ አልገጥም አለኝ" አሉኝ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ ሰፈር የዕለቱን የዶላር ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም። የታክሲ ረዳቱ ያውቃል። ባለሱቁ ያውቃል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ዛሬ ስንት እንደገባ ትነግራችኋለች። ዶላር ለማግኘት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘን ባንክ ደጅ እንጠናለን። ሃምሳ ሳንቲም የሚሻል ባንክ አለ ከተባለ ከተማውን አቋርጠን እንሄዳለን። ከዚያ ያ ሁሉ የተለፋበት ዶላር ካርዱ ላይ ይገባል። አውሮፕላን እንሳፈራለን። የዱባዩ ገበያ ደይራ ደርሰን የካርድ መክፈያው ማሽን ሲዘረጋልን ግን ቁጥሩን በቅጡ ሳናይ ፒን እንመታለን። ለመግዣው ያን ያህል የተከራከርን ሰዎች፣ ለማውጫው ጊዜ ዝም!

አንዱን ደረሰኝ ልንገራችሁ። ከላይ የሱቁ ስም አለ። ከሥሩ 2,380 ድርሃም፣ የዱባዩ ገንዘብ ማለት ነው። እሱ ልክ ነው፣ ዕቃው የተሸጠው በዚያ ዋጋ ነው። ከዚያ በታች በደቃቃ ፊደል፣ አንድ ዶላር በ3.50 ድርሃም ይላል። ቀጥሎ ደመቅ ብሎ 680 ዶላር። ግርጌው ላይ ደግሞ ደንበኛው በራሱ ምርጫ በካርዱ ገንዘብ እንደከፈለ የሚገልጽ ጽሑፍ አለ፣ ከሥሩም የጎረቤቴ ፊርማ።

አሁን ድርሃም እንደ ሌላው ገንዘብ ከፍ ዝቅ አይልም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ተቆርጦ ተቀምጧል። በዚህ ካሰላችሁት 2,380 ድርሃም 648 ዶላር ነው። ታዲያ 680 ከየት መጣ? 32 ዶላር የት ገባ? ዶላሩን በ150 ብር ብታስቡት 4,800 ብር ነው። በዩሮ ወይም በኬንያ ሽልንግ ቢሆን "ገበያው ተንቀሳቅሶ ይሆናል" ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ድርሃም ግን ለሰበብ ቦታ አይሰጥም።

"ጠይቀውዎት ነበር?" አልኳቸው።

"ልጁ ማሽኑን ሰጠኝ። ዶላር የሚል አየሁ። የያዝኩት ዶላር ነው፣ ዶላሩን ነካሁ።"

ምን ይፈረድባቸዋል? ማንም ሰው የሚያውቀውን ነው የሚነካው። ማሽኑ ካርዱ የየት አገር እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ እንደተሞላ ይለያል። ስለዚህ ሁለት መስመር ያወጣል። በአገሩ ገንዘብ ይከፍላሉ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ? የካርዳችሁን ከመረጣችሁ ምንዛሬውን የሚሠራው የካርዱ ድርጅት፣ ማለትም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ መሆኑ ይቀራል። ሱቁና ከጀርባው ማሽኑን ያቀረበው ድርጅት ናቸው የሚመነዝሩት። ተመኑን እነሱ ይቆርጣሉ፣ ትርፉንም ይካፈላሉ። በቪዛም በማስተርካርድም ደንብ መምረጥ ያለበት ደንበኛው ነው። ወረፋ ባለበት ሱቅ ግን ሻጩ "ላግዝዎት" ብሎ ራሱ ሲጫን ማን ልብ ይላል? የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለው ጭማሪ በፐርሰንት ተሰልቶ ለደንበኛው እንዲታይ በሕግ አስገድዷል። ይሄ ጥሩ ሕግ ነው። እኛ ለንግድ የምንሄድባቸው ገበያዎች ግን አውሮፓ አይደሉም።

በአገሩ ገንዘብ ስትከፍሉስ? ያኔም ነፃ አይደለም፣ አላታልላችሁም። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በራሱ የዕለት ተመን ይመነዝራል። እሱ ተመን ትልልቆቹ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ የራሱን ይጨምራል። በብዙ አገር እስከ ሦስት ፐርሰንት የሚደርስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጭራሽ የማያስከፍሉ ካርዶችም አሉ። በጎረቤቴ ሒሳብ ሦስት ፐርሰንት ማለት 19 ዶላር ገደማ ነው። ከ32 ይሻላል። የሚያናድደው ግን አንዳንድ ባንክ በዶላር ከፍላችሁም ቢሆን ሱቁ ውጭ አገር ነው ብሎ ያንኑ ፐርሰንት ይቆርጣል። ያን ጊዜ ሁለቴ ነው የተበላችሁት።

ጥሬ ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣት ደግሞ ሌላ ነው። የማሽኑ ባለቤት ይቆርጣል፣ ባንካችሁም ይቆርጣል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ኤቲኤሙም ያችኑ የሁለት መስመር ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱ እዚያም ያው ነው፣ የአገሩን ገንዘብ። ሆቴል መያዣ ብሎ የሚያግደውን ብርም አትርሱ፣ የቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ እስኪለቀቅ ድረስ እጃችሁን ያስራል።

እና ለምንድን ነው እኛ ይሄን የማናየው? እኔ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄ ነው። የአሜሪካው የአክስቴ ልጅ በፊት ሲመጣ ካርዱን ከቦርሳው አያወጣም ነበር። ሞኝ ነው እንዴ? ባንክ በ57 ብር ሲመነዝር ጥቁር ገበያው እጥፉን ገደማ ይሰጥ ነበር። ካርድ ማንሸራተት ማለት ግማሹን መጣል ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ ሦስት ፐርሰንት የሚያወራ ሰው ቢመጣ እንስቅበት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ ልዩነቱም ጠበበ። ትልቁ ጉድጓድ ሲጠብ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች መታየት ጀመሩ። ዓይናችን ግን ገና አልለመደም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሲመጣ ካርዱን ያወጣል። ቦሌ አንድ ሆቴል እራት በልተን ማሽኑ ብር ወይስ ዶላር ሲለው ዶላሩን ሊነካ እጁን ሰነዘረ። "ስንት እንደወጣብኝ እንዳውቅ ነው" አለኝ። ጎረቤቴን አስታወሰኝ። እሱ በሙያው ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ይሄን እንዳልነገርኳችሁ ቁጠሩት።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ፖድካስት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው። የምትከፍልልኝ ውጭ ያለችው እህቴ ናት። ፐርሰንቱን እሷ ትቻለው፣ እኔ እንኳን ልጠይቃት አፍሬያለሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የማሽኑ ነገር ገብቷቸዋል። "ድርሃም፣ ድርሃም እላለሁ፣ ማሽኑንም ከእጁ እቀበለዋለሁ" ብለዋል። የቀረው የባንኩ ፐርሰንት ነው። ካርዱን የሰጣቸው ቅርንጫፍ ሄደው ውጭ ስከፍል ስንት ነው የምትቆርጡት ብለው ቢጠይቁ፣ "እናታችን፣ ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው" ተብለው ተመለሱ። ሲስተሙ! ሲስተሙን ያዘዘው ሰው የለውም ማለት ነው? ሰኞ ታሪፉን በወረቀት ስጡኝ ሊሉ ነው፣ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። የተባልነውን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። እናንተም የካርዳችሁን ፐርሰንት የምታውቁ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ። ደህና ሰንብቱ።