የመርከቧ ጋቢና

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ከትናንት ጀምሮ ስከራከር ስለከረምኩ ነው።

የተከራከርነው «ማንዳሎሪያን» ስለሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ነው። አራት ሆነን ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄድን። ገና አሳው ከመቅረቡ አንዱ ጓደኛችን «ሦስተኛው ሲዝን ላይ እኮ ነው ያበላሹት» አለ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይብላ። ዳጣው እንደቀረበ ቀረ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ልታዩት ያሰባችሁ ግን እዚህ ጋ አቁሙኝ፤ እስከ መጨረሻው ነው የማወራው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የጀመረው። ጆን ፋቭሩ ነው የፈጠረው። ታሪኩ የስታር ዋርስ ዓለም ውስጥ ይሁን እንጂ መንፈሱ የካውቦይ ፊልም ነው። ዲን ጃሪን የሚባል ሰው አለ። ዋጋ የተቆረጠባቸውን ሰዎች አድኖ እያስረከበ ይኖራል። ሰው ፊት ሄልሜቱን አያወልቅም፣ እምነቱ ነው። ብዙ አያወራም። አቧራማ መንደር ይገባል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ይሄዳል። ድምፁ የፔድሮ ፓስካል ነው። የብረት ልብሱን ለብሰው ከሚንቀሳቀሱት አንዱ ግን ብሬንዳን ዌይን ነው፤ የጆን ዌይን የልጅ ልጅ! ይህን ስሰማ ያ አረማመድ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሙዚቃውም ወፍራም ድምፅ ባለው ዋሽንት መሰል መሣሪያ ነው የሚጀምረው። ሉድቪግ ጎራንሰን ነው የሠራው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሜዳ ላይ ብቻውን ያለ እረኛ ነው የታየኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን «ይህን አድነህ አምጣ» ይባላል። ሄዶ ሲያገኘው ሕፃን ልጅ ነው። 50 ዓመቱ ነው፣ ግን በዘሩ ገና ጨቅላ ነው። ወስዶ ያስረክበዋል፣ ክፍያውንም ይቀበላል።

አሁን የምነግራችሁ የመጀመሪያውን ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ነው። ልጁ በሰውየው የጠፈር መርከብ ውስጥ ሳለ ከአንዱ መዘውር ጫፍ ላይ ያለችውን የብር ኳስ እየፈታ ይጫወትባት ነበር። ሰውየው መጫወቻ አይደለም ብሎ ቀምቶታል። ልጁን አስረክቦ ሊሄድ ሲል፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ እጁን ወደ መዘውሩ ይሰዳል። ኳሷ ቦታዋ ላይ የለችም። አንስቶ መልሶ ያጠብቃታል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋና ልጁን ሊያስጥል ይመለሳል። አንድ ቃል አልተናገረም። ፊቱን እንኳ አላየንም።

እኔ እዚህ ጋ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ልንገራችሁ።

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አይሱዙ ነበረው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ አንዳንዴ እስከ ያቤሎ። አባዬ ዝምተኛ ነው። ጋቢና ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበር። ማውራቱን ብዙም አያወራም፣ ግን አብሮኝ ነበር። መንገድ ዳር አናናስ ይገዛልኛል። ዳገት ላይ እጄን ማርሹ ላይ ያስቀምጥና የራሱን እጅ ከላይ ይደርብበታል። «ሦስተኛ» ይላል። አብረን እንስበዋለን። ማርሹ ከታች ሲንቀጠቀጥ፣ መዳፉ ከላይ ሲሞቀኝ፣ አሁንም እጄ ላይ አለ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ወገቡን አመመውና መኪናውን ሸጠው። የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ይኸው ማታ ማታ ቤት ነው። ድሮ በወር ስንት ቀን ነበር የማየው? አሁን በየቀኑ አየዋለሁ። ግን እንደዚያ ሁለታችን ብቻ ሆነን አናውቅም። እንግዳ አለ፣ ዜና አለ፣ የዕቁብ ጉዳይ አለ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ሁለተኛው ሲዝን ታኅሣሥ 2020 ላይ ሲያልቅ የድሮዎቹ የስታር ዋርስ ፊልሞች ጀግና ሉክ ስካይዎከር መጥቶ ልጁን፣ ግሮጉን፣ ይወስደዋል። ሰውየው ሄልሜቱን አውልቆ ይሰናበተዋል። ትልቅ ስንብት ነበር። የሚገርማችሁ፣ የተገናኙት በሦስተኛው ሲዝን አይደለም። «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» በሚባል ሌላ ተከታታይ ውስጥ ነው። እሱን ያላየ ሰው ሦስተኛውን ሲከፍት ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። አንዱ ጓደኛችን «እኔ እኮ አንድ ክፍል የዘለልኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግኩ» አለ። እውነቱን ነው። ለዚያ ስንብት የሚመጥን መገናኘት እዚያው «ማንዳሎሪያን» ውስጥ ሊሰጠን ይገባ ነበር።

ከዚያ በ2023 ታሪኩ ሰፋ። ስለ አንድ ሰውና አንድ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየው ወገኖች፣ ስለ ማንዳሎር ሕዝብ ሆነ። ከሕዝቡ መሪዎች አንዷ ቦ-ካታን ወደ ፊት መጣች። አንድ ክፍል ደግሞ አብዛኛው በትልቅ ከተማ ውስጥ ስለሚኖር ሳይንቲስት ነው። ጓደኞቼን ያናደዳቸው ይህ ነው።

ከመካከላችን ያለችው ሴት ጓደኛችን ግን አልተቀበለችም። «ቆይ» አለች፣ «ሕዝቡ በሄልሜት ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። የሚያወልቀው የማያወልቀውን አያምንም። ከሁለቱም ጋር መሄድ የቻለችው ቦ-ካታን ናት። አገሯ ተቃጥሎ ተመልሳ ሁለቱን አንድ ላይ አስገባቻቸው። ይህ ታሪክ እናንተን ካልነካችሁ ምን ይነካችኋል?» ደግሞ ጨመረች፦ «በመጀመሪያው ሲዝን ልጁን ሲያስጥል ተከቦ ማን ደረሰለት? ወገኖቹ አይደሉም?» ዝም አልን። ልክ ናት። የሕዝቡ ታሪክ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ከመጀመሪያው እዚያው ነበር።

ስለዚህ እኔ ታሪኩ መስፋቱን አልቃወምም። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው። ሬዘር ክረስት ናት፣ የሰውየው የድሮዋ መርከብ።

መርከቧ በሁለተኛው ሲዝን ተመትታ ዐመድ ሆነች። ከዐመዱ ውስጥ ያችን ኳስ ያገኛታል። በኋላ ፈጣን ተዋጊ መርከብ ይሠራለታል። ታምራለች። ግን መኝታ የላትም፣ መቀመጫ ብቻ ናት። እሱ ከፊት፣ ልጁ ከኋላው ትንሽ መስታወት ክዳን ስር። በቃ። በሬዘር ክረስት ይበሉ ነበር፣ ይተኙ ነበር፣ ሲበላሽ አብረው ይጠግኑ ነበር። ልጁን ሽቦ አገናኝ ብሎ የቀዩንና የሰማያዊውን ነገር ያስተማረበት ትዕይንት ትዝ ይላችኋል? እንደዚያ ያለ ነገር በአዲሷ መርከብ ውስጥ የት ይሁን? ቦታ የለም እኮ! ደራሲዎቹ ቦ-ካታንን ስላመጡ አይደለም ሁለቱ የራቁብኝ። ጋቢናውን ስለወሰዱባቸው ነው።

ይህን ስል አራታችንም ጸጥ አልን። ሴቷ ጓደኛችን «መጨረሻ ላይ ግን ቤት ተሰጣቸው» አለች። አዎ። ሰውየው በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ልጁ ኩሬው ዳር ከእንቁራሪት ጋር ይጫወታል። ልጁን የራሱ ልጅ አድርጎ ስሙን ሰጥቶታል፣ ዲን ግሮጉ ተብሏል። ደስ ብሎኛል። ግን ያ የመጨረሻው ደቂቃ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሲኖሩ አላየናቸውም።

ማታ ቤት ገባሁ። አባዬ ብቻውን ነበር። የኳሷን ትዕይንት በስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አየ። ሰውየው ኳሷን ሲያጠብቃት ምንም አላለም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ቀና አለና «ለምን አጠፋው?» አለኝ።

«ልጁን ሊያመጣ ነው» አልኩት።

«የት ነው ያለው ልጁ?»

«አስረክቦት ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና «ከመጀመሪያው አምጣው» አለኝ።

ሁለት ክፍል አይተን ነው የተኛነው።