ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እማዬ
(ጎንደር፣ ለሞባይል አፕ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ፣ የጎንደር ልጆች!

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂ ትንሽ በልላቸው» ብለውኝ ነበር። እኔ ፒያሳ ላይ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ፣ ብዙዎቻችሁም ታውቁኛላችሁ። የመጣሁት ግን ስለ እናቴ ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። የቱ ሐኪም ቤት እንደሆነ ይቅር። ስልኳ ላይ ሜሴጅ ገባ፣ የጎረቤት ልጅ «ነገ ሦስት ሰዓት ይላል» ብሎ አነበበላት። ልክ ነው፣ 3:00 ይላል። አጠገቡ «ፒኤም» የምትል የፈረንጅ ፊደል ነበረች፣ ልጁ ልብ አላላትም። እናቴ በሌሊት ተነሳች። ደም ትሰጫለሽ ስለተባለች ቁርስ አልቀመሰችም፣ በዚያ ዝናብ ከአዘዞ በታክሲ መጥታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ደረሰች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። ስሟ የተጠራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው! የሜሴጁ ሦስት ሰዓት ለካ የፈረንጅ ኖሯል። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ሜሴጁ ላይ እኮ ተጽፏል» አለቻት። እናቴም «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ ስላልተማርኩ ነው» አለች።

ስድስት ሰዓት ከመጠበቋ ይልቅ ያንገበገበችኝ ይቺ ቃል ናት። ሱቄ የሚመጡ እናቶችም የሚሉኝ ይቺኑ ነው። ስልኩን ይዘረጉልኛል፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ «እኔ ደንቆሮ ሆኜ ነው» ይላሉ። ኧረ በፍጹም! እናቴ ሰዓት ታውቃለች። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብላ ስትቆጥር ነው ዕድሜዋን የኖረችው። ፍልሰታ መቼ እንደሚገባ፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆን ማንንም ሳትጠይቅ ትነግራችኋለች። ያላወቀው ሜሴጁን የሠራው ሰው ነው። አዘዞ ለምትኖር እናት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ሰዓት ልኮ ሲያበቃ፣ አንብቢ ይላታል!

«ቴክኖሎጂው አይፈቅድም» የሚለኝ አይጠፋም። ይፈቅዳል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ የኢትዮጵያ ካላንደር ለፕሮግራመር ተዘጋጅቶ ውስጡ ተቀምጧል፣ 13ቱም ወር፣ ጳጉሜንም ሳትቀር። አይፎን ላይም አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚጠቀምበት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች በፊት ማለት ነው። ሰዓቱስ? 3:00 ፒኤም በኮምፒውተሩ የ24 ሰዓት አቆጣጠር 15 ነው። ከ15 ላይ 6 ስትቀንሱ 9 ይሆናል፣ አለቀ። «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉት። ለዚህች አንድ መስመር ኮድ ሰው ስለሰነፈ ነው እናቴ በባዶ ሆዷ የዋለችው!

ሌላም አለ፣ ቶሎ ልበል። ጎግል የሚነካ ቁልፍ ቢያንስ 48 ዲፒ (ዲፒ የስክሪን ላይ መለኪያ ነው) ይሁን ይላል፣ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። የምጣድ ትኩሳት ያደረቀው ጣት ስክሪኑ ላይ በደንብ አይይዝም፣ ስለዚህ ከዚያም አስፉት። ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» ብላችሁ አትጠይቁ፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ብር ሲላክ ደግሞ የተቀባዩ ስም ከገንዘቡ መጠን እኩል ጎልቶ ይታይ።

እናቴ ዛሬ መጥታለች፣ ያቻትላችሁ ከፊት። አሁን ሻይ ቡና ስንል የሠራችሁትን አፕ ከፍታችሁ ስልኩን ስጧት። «እዚህ ጋ ይጫኑ» አትበሏት። ዝም ብላችሁ ጣቷን እዩ፣ የት ጋ እንደቆመች ጻፉ። አንቺም እማዬ፣ ካልገባሽ «አልገባኝም፣ አስተካክሉት» በያቸው።

አመሰግናለሁ።